ጀበናው ከእጇ ለምን ያመልጣል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ሆና አኒሜሽን በራሷ ከምትማር ልጅ ነው። በብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራም ነው) አጭር የቡና ሥነ ሥርዓት እየሠራች ነው። «ሴትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀበናውን ከምድጃው አንስታ ትቀዳለች። ጀበናውን ከእጇ መቆጣጠሪያ ጋር አስሬዋለሁ። ግን እጇን ስትዘረጋ ከጣቶቿ ይወጣል። ስታስቀምጠው ደግሞ ዘሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንገቱም እንደ ሊጥ ይለመጣል። ቡና ስትወቅጥ የምሠራው ትዕይንት ገና አለ፤ እዚያ ስደርስ ምን ልሆን ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሦስቱም ችግሮች መነሻቸው የተለያየ ነው። ቀላሉን እናስቀድም። አንገቱ የሚለመጠው ጀበናውንም ከሰውነቷ ጋር በአውቶማቲክ ዌይት (ብሌንደር ራሱ የሞዴሉን ነጥቦች ለአጽሙ ሲያከፋፍል) ስላያያዝሽው ነው። እሱ ለቆዳና ለልብስ ነው፤ ሸክላ አይታጠፍም። ይህ ማያያዣ ጀበናው ላይ የተዋቸውን ቨርቴክስ ግሩፖችና የአርማቸር ሞዲፋየሩን አጥፊ። ከዚያ ጀበናውን በኮንትሮል ፒ ከአንድ አጥንት (ሞዴሉን ከሚያንቀሳቅሰው አጽም አንዱ ክፍል) ጋር ብቻ እሰሪው፤ ከሚመጡት ምርጫዎች «ቦን» የሚለውን ውሰጂ።

ከየትኛው አጥንት? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዕቃው የራሱ አጥንት ይኑረው፤ የእጅ ልጅ፣ ማለትም ሁሌ እጅን እንደ ወላጅ የሚከተል፣ አይሁን። ጀበና መጀመሪያ ምድጃ ላይ ነው፣ ቀጥሎ እጅ ውስጥ፣ ከዚያ ማቶት ላይ። ወላጅ ግን በአኒሜሽን መሃል እንዲህ አይቀያየርም። ስለዚህ ለጀበናው አዲስ አጥንት ሥሪ። ወላጅ አትስጪው። የሩት (መላ አጽሙን የሚያንቀሳቅሰው ዋና አጥንት) ልጅ ካደረግሽው፣ እጅን በሚከተልበት ጊዜ የሩት እንቅስቃሴ ሁለቴ ይቆጠርበታል። መነሻውን እጀታው መሃል ላይ አድርጊ፤ አጥንት የሚዞረው በመነሻው ነውና ለመቅዳት ስታዘነብዪው እጀታው ከመዳፏ አይወጣም። አጥንቱ ቆዳ እንዳያጥፍ ዲፎርም የሚለውንም አጥፊ።

አሁን ለዚህ አጥንት ቻይልድ ኦፍ የሚባለውን ኮንስትሬንት (አጥንቱ ሌላ አጥንት እንዲከተል የሚያስገድድ ማሰሪያ) ስጪው። ኢላማው የእጇ አጥንት ራሱ ይሁን፣ የአይኬ መቆጣጠሪያው (ክንዷን ከእጇ በኩል የምትጎትቺበት) አይሁን። ጀበናው የሚያመልጥሽ በዚህ ነው። መቆጣጠሪያው ክንዷ ከሚደርስበት አልፎ መሄድ ይችላል፤ እጇ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ጀበናው መቆጣጠሪያውን ተከትሎ እጇን ጥሎ ይሄዳል። ጀበናው ሲያዝ መጠኑ ከተቀየረ ደግሞ የኮንስትሬንቱን የስኬል ምልክቶች አንሺያቸው።

መዝለሉ የኪፍሬም (በአንድ ፍሬም ላይ የሚመዘገብ ቦታ ወይም ዋጋ፣ ባጭሩ ኪ) ጉዳይ ነው። 48ኛው ፍሬም ላይ ትይዛለች እንበል። 47 ላይ ኢንፍሉዌንሱን (የኮንስትሬንቱን ኃይል) 0 አድርገሽ ከአጥንቱ ቦታና ዙር ጋር ኪ አድርጊ። 48 ላይ ጣቶቿ እጀታውን እንደያዙ ሴት ኢንቨርስን (ጀበናው ባለበት ቦታ እንዲቆይ የሚያደርገውን ቁልፍ) ተጫኚ፣ ኢንፍሉዌንሱን 1 አድርገሽ ኪ አድርጊ። ሴት ኢንቨርስ በሌላ ፍሬም ላይ ከተጫነ ጀበናው ቦታውን ይስታል።

ማስቀመጡ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። 120 ላይ ጀበናው ማቶቱ ላይ ያርፋል። እዚያ ሁሉንም ኪ አድርጊ፣ ኢንፍሉዌንሱ 1 እንደሆነ። 121 ላይ ፖዝ ከሚለው ሜኑ አፕላይ፣ ቀጥሎ ቪዥዋል ትራንስፎርምን (አሁን የሚታየውን ቦታ የአጥንቱ የራሱ የሚያደርገውን) ምረጪ። ጀበናው ለአፍታ ከቦታው ይሸሻል፤ አትደንግጪ። ኢንፍሉዌንሱን 0 ስታደርጊ ይመለሳል። ያኔ እንደገና ሁሉንም ኪ አድርጊ። በነዚህ ሁለት ፍሬሞች መሃል እጇ አይንቀሳቀስ። የጀበናውን አጥንትና የኢንፍሉዌንሱን ኪዎች እዚህም፣ ጀበናውን በምትይዝባቸው 47 እና 48 ላይም ኮንስታንት (በኪዎቹ መሃል ሳይንሸራተት በአንዴ የሚቀየር) አድርጊያቸው፤ ካለዚያ ጀበናው በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነሳው አዲስ ቻይልድ ኦፍ ጨምሪ፤ አንዱ ኮንስትሬንት የሚይዘው አንድ ኢንቨርስ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ጅማ ተቀምጦ የመቅዳትን እንቅስቃሴ ከዩቲዩብ መኮረጅ ያሳፍራል። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት አትጠፋም። አስፈቅደሽ በጎን በኩል በስልክ ቅረጪያት። አንጓዋ መቼ እንደሚዞር፣ ክርኗ መቼ እንደሚነሳ ታያለሽ።

ሙቀጫው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዘነዘናው በሁለት እጅ ስለሚያዝ አንዱን እጅ እንዲከተል ካደረግሽው ሌላው እጅ ይለቀዋል። ስለዚህ ዘነዘናው ይምራ፣ እጆቿ ይከተሉት። የዘነዘናውን አጥንት አንቀሳቅሺ፤ የሁለቱ እጆች አይኬ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ በቻይልድ ኦፍ እሱን ይያዙ። ዘነዘናው ራሱ እጅን የሚከተል ኮንስትሬንት እንዳይኖረው ተጠንቀቂ፤ አንዱ ሌላውን ሲከተል ክብ ይፈጠራል፣ ብሌንደርም ይሳሳታል። ዘነዘናውን ከፍ ስታደርጊ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ እጇ መልቀቋ አይቀርም። ያኔ ኮንስትሬንቱን አትነካኪ። ሙቀጫውን ወደ ጉልበቷ አስጠጊ፣ ወይም ወገቧን ትንሽ ወደ ፊት አዘንብዪ።