ከምድጃው እስከ እጣቢው፦ ለወሎ ማድ ቤቶች ጥያቄና መልስ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልድያና በዙሪያቸው የሚኖሩ እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች አካባቢን የማይጎዳ የማብሰልና የጽዳት ልማድ በየቤታቸው ለማስገባት አስበው ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ። ለረጅም ዓመታት የሠራሁት በምድጃና በማገዶ ጉዳይ ላይ ስለሆነ መልሴ ወደ እሳቱ ማዘንበሉ አይቀርም፤ በእኛ ማድ ቤት ትልቁ ብክነት ያለው ከምጣዱ ሥር እንደሆነም አምናለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ ተፈጥሯዊ የሚባሉ ሳሙናዎች፣ የእንጨት ብሩሾችና የብርጭቆ ዕቃዎች ገዝቼ ልጀምር ብል ወጪው በዛብኝ። ከምን ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ምንም ሳይገዙ ቢጀምሩ እመርጣለሁ። በቤትዎ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ እስኪያረጅ ድረስ ይገልገሉበት፤ ደኅናውን ዕቃ ጥሎ አዲስ መግዛት ራሱ ቆሻሻ ማብዛት ነውና። ለአንድ ሳምንት ያህል ማገዶው፣ ከሰሉ፣ መብራቱና ውሃው በምን ላይ እንደሚያልቅ ልብ ብለው ይከታተሉ። በአብዛኛው ቤት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ሲሆን የጥራጥሬ ወጥና ቡና ይከተሉታል። የመጀመሪያው ለውጥ በእነዚህ ላይ ቢሆን ድካምዎ ፍሬ ያፈራል።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ የምንጋግረው በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በባሕር ዛፍ ጭራሮና በኩበት ነው። ጭሱ እናቴን በጣም አስቸግሯታል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው በእርግጥ ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ነበልባሉ በነፋስ እየተገፋ በየጎኑ ስለሚወጣ አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳያገኝ ይባክናል። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው፣ በትክክል ከተተከለ የማገዶውን ፍጆታ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። «በትክክል ከተተከለ» ያልሁት በምክንያት ነው። በየቤቱ ገብቼ የማየው ችግር ተመሳሳይ ነው፤ የምድጃው ክፍሎች የሚጋጠሙበት ቦታ ሳይመረግ ይቀርና ነበልባሉ በስንጥቁ ያመልጣል፣ ወይም ምጣዱ ከምድጃው አፍ ጋር ሳይገጥም ይቀራል። እሳቱ ሲያያዝ ዝቅ ብለው ዙሪያውን ይመልከቱ፤ ጭስ ከኋላው መውጫ በስተቀር በሌላ በኩል ከታየ ያንን ቦታ በጭቃ ይምረጉት፣ ከደረቀም በኋላ እንደገና ይፈትሹት። ከኋላ ያለውን የድስት መቀመጫ ባዶውን አይተዉት፤ ከምጣዱ የተረፈው ሙቀት የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ውሃ ያሞቃል፣ ሽሮም ያበስላል።

ማገዶው መድረቅ አለበት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውሃ ሊሆን ስለሚችል እሳቱ በመጀመሪያ የሚደክመው ያንን ውሃ ለማትነን ነው፤ ጭሱ የሚበዛውም ስለዚህ ነው። የክረምቱን ማገዶ በበጋ ፈልጦ ከጣሪያ ሥር መደርደር ከማንኛውም አዲስ ዕቃ ይበልጣል። እናትዎን በተመለከተ ግን ምድጃው ብቻውን አይበቃም፤ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ ይከፈት፣ ሲጋገርም ሕፃናት ከማድ ቤቱ ይውጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። የኩበቱ ነገር የሚያሳዝነኝ ደግሞ ማሳው የሚፈልገው ናይትሮጅን አብሮ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ነው።

ጥያቄ (ከተሁለደሬ)፦ ስድስት ከብቶች አሉኝ። ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣውን የባዮጋዝ ጉድጓድ ባሠራ ኩበት ከመለጠፍ እገላገላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአብዛኛው ይገላገላሉ። ለአንድ ቤተሰብ ቢያንስ አራት ከብትና በቅርብ የሚገኝ ውሃ ያስፈልጋል፤ እበቱ በየቀኑ ከተመጣጣኝ ውሃ ጋር እየተበጠበጠ ስለሚገባ ውሃው ሩቅ ከሆነ ሥራው በሴቶቹ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ጋዙን የሚፈጥሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ስለሚወዱ በደጋው ብርድ ወቅት ጋዙ እንደሚቀንስ ይጠብቁ። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥና ለቡና ይሆናል፤ ለእንጀራ ተብሎ የተዘጋጀ ምድጃ ካልተገጠመ ግን ለምጣድ አይበቃም። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ለማሳ እጅግ ጥሩ ማዳበሪያ ስለሆነ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሳያደርቁ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ቆጣሪው ግን ይሮጣል።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ በቤት ውስጥ ከሚገኙት ዕቃዎች ሁሉ ብርቱው ተጠቃሚ ነው። ሆኖም የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ እንጨት ከማንደድ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ። ብክነቱ የሚመጣው ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ኃይል አምስት እንጀራ ቢጋገር ሠላሳ ቢጋገር ያው ነው። ስለዚህ በሳምንት ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ የሚበቃዎትን በአንድ ጊዜ ይጋግሩ፤ ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ሊጥ አቀናጅቶ በአንዱ ምጣድ ተራ በተራ መጋገር በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። አክምባሎውን ደጋግመው አይክፈቱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች መብራቱን አጥፍተው በቀረው ሙቀት ይሞክሯቸው፤ ከዚያም ድርቆሽ ያድርቁበት። ሌላው ሁሉ ኤሌክትሪክ በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት አለመጋገርም ለሠፈሩ መስመር ይጠቅማል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ባቄላና ሽምብራ ለማብሰል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ኮምቦልቻ ያለችው እኅቴ ግን ቶሎ ይበስልልኛል ትላለች። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የእኅትዎ አባባል እውነት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ወደ 1,850 ሜትር በሆነችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ገደማ ይፈላል። ትንሽ የሚመስለው ይህ ልዩነት ለጥራጥሬ ብዙ ነው። ከዚህ የሚከተለውን አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችን አንገነዘበውም። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ የጨመሩት ማገዶ ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሲፈላ እሳቱን ይቀንሱ፣ ድስቱን ይክደኑ፤ በቀስታ የሚንተከተከው ድስት ከሚንፈቀፈቀው እኩል ያበስላል።

ከእሳቱ በፊት ደግሞ መዘፍዘፍ አለ። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ካደረ የማብሰያው ጊዜ በብዙ ያጥራል። አቅም ካለ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት የከፍታውን ጉዳት ስለሚያካክስ ለደሴ፣ ለላሊበላና ለወረኢሉ ሰው የሚገባ ዕቃ ነው። አቅም ከሌለም ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ፤ አንድ ትልቅ ቅርጫት በደረቅ ጭድ ሞልተው መካከሉን የድስቱ ልክ አድርገው ያጎድጉዱት፤ ድስቱ በእሳት ላይ በደንብ ከፈላ በኋላ እንደተከደነ በጎድጓዳው ውስጥ ያስቀምጡትና በላዩ ጭድ የተሞላ ትራስ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይድፉበት። ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ምስርና ክክ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ቦሎቄ ግን ጥሬውን መርዝነት ያለው ንጥረ ነገር ስለሚይዝ ከተዘፈዘፈ በኋላ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ፣ በደጋ ደግሞ ከዚያም በላይ በኃይል ሳይፈላ ወደ ጭዱ አይግባ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ከሰል ደን ያጠፋል ይባላል። ቡናችንን እንተወው?

መልስ፦ ቡናውንስ አይተዉት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ይቀጥል። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊው የአፈር ክምር አከሳሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት እንደሚበላ ማወቅ ግን በቁጠባ እንድንጠቀምበት ያስገድዳል። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ የሸክላ ውስጠኛ ስላለው ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ውሃውን በኤሌክትሪክ አፍልቶ ጀበናውን በከሰሉ ማስጨረስም ይቻላል። ቡናው ሲያልቅ ፍሙን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አፍነው ያጥፉት፤ ነገ ይነዳል። ፍም ያለበትን ምድጃ በር ዘግቶ በተኙበት ክፍል ማኖር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳያስነቃ ይገድላል።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ እናቶቻችን ዕቃ በአመድ ያጥቡ ነበር። አሁንም ይሠራል?

መልስ፦ በሚገባ ይሠራል። የእንጨት አመድ ከቅባት ጋር ሲገናኝ ሳሙና የመሰለ ነገር ስለሚፈጥር ጥቀርሻንና ስብን ያነሣል። በወንፊት ተነፍቶ በረጠበ ቃጫ ቢታሸት ብረትና ሸክላ ያጸዳል። ለአልሙኒየም ድስት ግን አልመክረውም፤ አመድ የአልሙኒየሙን የላይ ሽፋን እየበላ ያሳሳዋል። ቀለም የተቀባ ጣውላ ወይም ፌስታል የነደደበት አመድም ለምግብ ዕቃ አይሁን።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ በሐይቁ ዳር ዕቃና ልብስ በእንዶድ እናጥባለን። እንዶድ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል፤ ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለምና። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። ያው ኃይል ዓሣንም ይገድላል። የእናንተው የሎጎ ሐይቅ ደግሞ ውሃው በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ ስለሌለው የገባበት ነገር እዚያው ይከማቻል። እንዶዱን አይተዉ፤ ውሃውን ቀድተው ከዳሩ ራቅ ብለው ይጠቡና እጣቢውን በአፈር ላይ ይድፉት፤ አፈሩ መርዙን ያፈርሰዋል፣ ያጣራዋልም። የዱቄት ሳሙናም ቢሆን ያው ሥርዓት ይጠበቅ። እንዶድን ለምግብ ዕቃ ግን አይጠቀሙ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅለው ሁሉን ያጸዳሉ ይባላል። በረኪና ቢጨመርበትስ?

መልስ፦ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚነሣው አረፋ ያስደንቃል እንጂ አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚያጠፋ የሚቀረው ከውሃ ብዙ አይለይም። ለየብቻ ይጠቀሙባቸው፤ ሶዳው ለቅባት፣ አቼቶው ወይም ሎሚው በማንቆርቆሪያ ውስጥ ለሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ እጅግ አደገኛ ነው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የጠላ ጋን በግራዋ፣ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ እናጸዳለን። ይህንስ እንለውጠው?

መልስ፦ ለምን ይለወጣል? ግራዋ በጓሮ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቢቀነጠስ ተመልሶ የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው። ወይራ ግን አዝግሞ ስለሚያድግ የደረቀ ቅርንጫፉን ብቻ ይልቀሙ፤ ከቻሉም አንድ በግቢዎ ይትከሉ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በረመዳን ሳምቡሳ የጠበስንበትን ዘይት የት እንድፋው?

መልስ፦ ወደ ቦይ ፈጽሞ አይድፉት። የደሴና የኮምቦልቻ ቦዮች መዳረሻ ቦርከና ነው፤ ቦርከና ደግሞ በከሚሴ በኩል፣ በጨፋ ረግረግ አድርጎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ በመንገዱ ሁሉ ከብት ይጠጣዋል፣ ማሳም ይለማበታል። ዘይቱ በውሃው ላይ ሲሰፋ አየር እንዳይገባ ስለሚከለክል በውስጡ ያለውን ሕይወት ያፍናል። መጀመሪያውኑ መጥበሻው ትንሽና ጠባብ ቢሆን ብዙ ዘይት አይጠይቅም። የቀረው ሲቀዘቅዝ ተጣርቶ፣ ሽታውና ቀለሙ ካልተለወጠ እንደገና ያገለግላል፤ ካረጀ በሰጋቱራ ወይም በአመድ ተመጥጦ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገድ። ሳህን ከመታጠቡ በፊት በቁራሽ ወረቀት ቢጠረግም የሚፈጀው ላርጎ ይቀንሳል።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ፌስታልስ?

መልስ፦ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ስለሚከለክል ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት አሁን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። በቤት ያለውን ፌስታል ግን በምድጃ ውስጥ አያንድዱ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የጫት ገረባ በየቀኑ ይከማችብናል። ብስባሽ ለማድረግ ብንሞክር ሸተተን።

መልስ፦ የሸተተው እርጥቡ በዝቶ አየር ስላጣ ነው። አንድ እጅ ልጣጭና አተላ ሲጨምሩ ሁለት እጅ የደረቀ ነገር፣ ለምሳሌ የተከተፈ የማሽላ አገዳ ወይም ጭድ ያልብሱት፤ በየሳምንቱም ገልብጡት። ገረባው እንጨትነት ስላለው ካልተከተፈ ለብዙ ወራት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ የተባይ መድኃኒት በብዛት የተረጨበት ከሆነም ለአትክልት ቦታ በሚውል ብስባሽ ውስጥ አያስገቡት። ሥጋና ቅባት አይጨመርበት፤ አይጥና ዝንብ ይጠራል። አመድ በእፍኝ ብቻ ይበቃል። በቆቦ ሙቀት ክምሩ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ጤፍና ምስር ያጠቡበትን ውሃ ይርጩበት፤ አንድ እፍኝ ወስደው ሲጨብጡት ውሃ ሳያንጠባጥብ እጅዎን ካረጠበ ልኩ እርሱ ነው።