የቁሌት ሽታ ለሚያድርበት ቤት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን ፈርተን መስኮት ስለማንከፍት የቁሌት ሽታ መጋረጃው ላይ ሳይቀር ያድራል፤ የዕጣን ጭስ ደግሞ ባለቤቴን ያስለዋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጭስ የሌለው ዘዴ አለ። በአንድ ሊትር ውኃ ላይ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ የተሰነጠቀ ኮረሪማና አራት አምስት ፍሬ ቅርንፉድ ጨምረው ሳይከድኑ ይጣዱት፤ ሲፈላም እሳቱን ዝቅ ያድርጉት፤ መዓዛውን ወደ ክፍሉ የሚያወጣው ቀስ ብሎ የሚነሣው እንፋሎት ነውና። ከተማዎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ መፍላቱን ይጠብቁ እንጂ የሙቀቱን ልክ አይመልከቱ። ቅርንፉድ ካበዙ ቤቱ የጥርስ ሐኪም ክፍል ይመስላል፤ እኔስ ኮረሪማውን አስበልጣለሁ። ውኃው ሲጎድል ይጨምሩበት፤ ድስቱ ከደረቀ ያረረው ልጣጭ ከቁሌቱ የባሰ ይሸታል።

ሆኖም እንፋሎቱ የቀደመውን ሽታ ይሸፍናል እንጂ አያስወግድምና፣ ብርዱን ችለው አስቀድመው መስኮቱን ለዐሥር ደቂቃ ይክፈቱ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ላይ ፈጽሞ አይጣዱት፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም።