ከማናውቀው ሰው ጋር ስለ መተማመን፦ ለጅማ ወጣቶች የተጻፈ ምክር

ልጆቼ፣

በእኔ ዕድሜ ካሉ የጅማ ሰዎች ጋር ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ወጣት «ድሮ ሰው በቃሉ ይታመን ነበር፤ ሥልጣኔ ሲመጣ መተማመን ጠፋ» የሚል ቁጭት ሳይሰማ አይነሣም። ዘመኔን በጥብቅና ሙያ ያሳለፍሁ፣ በመተማመን ተጀምረው በክስ ያለቁ ብዙ ጉዳዮችን የያዝሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ቁጭቱ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበለውም። የሰው ልጅ ባደገ ቁጥር መተማመን ዓይን ከሚያየው ርቀት አልፎ ተዘርግቷል፤ በተዘረጋ ቁጥርም ማታለል የሚገባበት በር ቦታውን ለውጧል። ይህን የምጽፍላችሁ በዘመናችሁ ያ በር የት እንዳለ እንድታዩና፣ ጠባቂዎቹ እናንተው መሆናችሁን እንድትገነዘቡ ነው።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ ከልባቸው ነበር። ቃሉ ግን ብቻውን የቆመ አልነበረም። ተበዳሪው የማን ልጅ እንደሆነ፣ እርሻው ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ በየትኛው እድር እንዳለ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቢክድ ለልጁ ልጁን የሚድርለት፣ በሐዘኑ ቀን ደጁን የሚረግጥለት አያገኝም። ቃሉን ያጸናው ይህ መተዋወቅ ነው። በዚህም ምክንያት ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ ዘመድ የሌላት መበለት፣ ተያዥ የማያገኝ ድኻ ከዚያ መተማመን ውጭ ነበሩ። ድሮን ስናወድስ እነዚህን ሰዎች መርሳት ፍትሐዊ አይደለም።

ከማያውቁት ሰው ጋር ለመዋዋል ከተገኙት የቆዩ መላዎች አንዱ ከጭቃ የተሠራ ነው። በጥንታዊት ባቢሎን ውል በእርጥብ ሸክላ ላይ ይጻፍና በሌላ ስስ ሸክላ ተሸፍኖ ያው ቃል በሽፋኑ ላይ ይደገማል፤ ማኅተምም ያርፍበታል። ክርክር ሲነሣ ሽፋኑ በዳኞች ፊት ተሰብሮ የውስጡ ይነበባል፤ ከውጭ የተፋቀ ወይም የተጨመረ ነገር ካለ ወዲያው ይታወቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 ገደማ የወጣው የሐሙራቢ ሕግም በ105ኛው አንቀጹ፣ ወኪል የሆነ ነጋዴ ለባለ ገንዘቡ ላስረከበው ገንዘብ የታተመ ደረሰኝ ካልተቀበለ፣ ያ ገንዘብ በሒሳብ እንደማይያዝለት ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ ባነበብሁ ቁጥር፣ ደረሰኝ ሳይዙ ከፍለው በቢሮዬ ተቀምጠው ያለቀሱ ደንበኞቼ ትዝ ይሉኛል።

በአገራችንም የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ሲያስቀርጹ፣ በአንዳንዱ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል አኑረዋል። ገንዘብ በንጉሥ ትእዛዝ ብቻ እንደማይሠራ፣ ሕዝብ ሊቀበለው እንደሚገባ የተረዱ ይመስለኛል። ወደ ጅማ ስንመጣ፣ በአባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ዕቃ ጭነው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በሂርማታ ገበያ በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ይገበያዩ ነበር። በብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም፣ ቪየና ያንኑ ዓመት እየቀረጸች ብሩን ማውጣት ቀጥላለች፤ የእኛ ነጋዴዎችም ምስሉና ጌጡ ጠርቶ ያልታየውን ብር አንቀበልም ይሉ ነበር። ንግሥቲቱን በሂርማታ የሚያውቃት አልነበረም፤ ሻጭና ገዥም ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ሁለቱም የሚያምኑት ምልክት ግን በመካከላቸው ነበር።

ቀጥሎ የወረቀት ዘመን መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት (ማለትም ዕዳውን አምኖ በመቀበል) ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ አይበቃም። እንግዲህ በጓደኛሞች መካከል የሚደረግ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ወሰን በላይ ነው፤ ብዙ ወጣቶች ግን «ሰው አይቶናል» ብለው ይተማመናሉ። አንድ ደንበኛዬ አብሮት ላደገ ጓደኛው ለእሸት ቡና መግዣ ብዙ ገንዘብ አበድሮ ነበር። ገንዘቡ ሲቆጠር ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ሊመሰክሩም ፈቃደኞች ነበሩ። ተበዳሪው ካደ፣ ማለም፤ የምስክሮቹም ቃል ለብድሩ ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። ለምን እንዳላጻፈ ስጠይቀው «ወንድሜን እንዴት ብዬ ላስፈርመው» አለኝ። ይህ ይሉኝታ በከተማችን ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ ብነግራችሁ አታምኑም።

ማጻፍ ወዳጅን መጠርጠር ተደርጎ የሚታየው ያለ አግባብ ነው። ሰው ይረሳል፣ ሰው ይሞታል፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ዕዳው በማያውቁ ልጆች ላይ በሚወድቅበት ቀን ይታያል። እኔ የምመክራችሁ አበዳሪው እስኪጠይቅ ሳትጠብቁ ነው፤ ተበዳሪው ራሱ ወረቀቱን ጽፎና ፈርሞ ቢያመጣ፣ አበዳሪው ከማፈር ይድናል፣ ወዳጅነቱም ከቀድሞው ይልቅ ይጠነክራል።

ወረቀትም የራሱ ደካማ ጎን አለው፤ እርሱም ምስክሩ ነው። በሥራዬ ከገጠሙኝ ነገሮች ሁሉ እጅግ ያሳዘነኝ ሐሰተኛ ማኅተም የሚቀርጸው ወንጀለኛ ሳይሆን፣ «ለፎርማሊቲ ነው» ተብሎ ያላየውን ውል የፈረመ ደግ ሰው ነው። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ተጠርቶ «ገንዘቡ ሲሰጥ አይተሃል ወይ?» ሲባል፣ ወይ በሐሰት ሊምል፣ ወይ የወዳጁን ውል ሊያፈርስ ይገደዳል። እንግዲህ ፈርሙ ስትባሉ ውሉን አንብቡ፤ ገንዘቡ በፊታችሁ ይቆጠር፤ የሚያቻኩላችሁ ካለ ብዕሩን መልሱለት።

ስለ ስልኩ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ልጇ ከአዲስ አበባ የላከላትን ገንዘብ በገጠር ያለች እናት በደቂቃ ውስጥ መቀበሏ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተከፈለ የሚመስል ምስል አሳይተው ዕቃ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች በየሱቁ አሉ፤ የዘመድን ድምፅ አስመስሎ የሚደውልም መጥቷል። ነጋዴ ከሆናችሁ ገንዘቡ በራሳችሁ ሒሳብ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ አትስጡ፤ ዘመድ በድንገት ገንዘብ ከጠየቃችሁ ስልኩን ዝጉና በምታውቁት ቁጥሩ መልሳችሁ ደውሉ። የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም፣ ከባንክ ነኝ ለሚልም ቢሆን፣ አትንገሩ።

ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምፈልገው የቡናችንን ነገር ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና በ2001 ዓ.ም. ቡና ሲገባበት፣ የመጋዘን ናሙና የባለቤቱ ስም በማይታይበት መለያ እየተመረመረና እየተቀመሰ ደረጃ ይወጣለት ጀመር፤ ሻጭና ገዥ ሳይተዋወቁ መገበያየት ቻሉ፤ ክፍያውንም መጠበቅ አጠረ። በዚህ አሠራር ብዙዎች ተጠቅመዋል። ሆኖም የአንዱ ቡና ከሌላው ጋር በደረጃ ሲቀላቀል የአምራቹ ማንነት ጠፋ፤ ቡናው የማን ማሳ እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልጉ የውጭ ገዥዎችም ቅር ተሰኙ፤ ቆይቶም ምንጩን ለመከታተል የሚያስችል ማሻሻያ ተደረገ። ደረጃ የሚሰጥ ተቋም ተገኝቶም ገዥው የገበሬውን ማንነት መፈለጉ፣ መተማመን መቼም ከሰው ተላቅቆ እንደማይቆም ያሳየኛል።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑ እንዲረጋገጥና የማሳው መገኛ ነጥብ፣ ማለትም ማሳው ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ቁጥር፣ እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ተፈጻሚነቱ በየጊዜው ቢገፋም ዝግጅቱ ቀጥሏል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው ይለካል፤ ከዚያ በታች ለሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። በጎማ፣ በማናና በሊሙ ያሉ ገበሬዎቻችን አብዛኞቹ የትንሽ ማሳ ባለቤቶች ናቸው፤ ስልክ ይዞ ነጥቡን የሚመዘግበውም የእናንተ ዕድሜ ልጅ ነው። የገበሬውን የዓመት ድካም በአውሮፓ ገበያ የሚያስገባው ወይም የሚያስመልሰው ያ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ሲወሰድ ከጎናችሁ የሚቆም ተቆጣጣሪ ላይኖር ይችላል። ጭቃ ነው፣ ዳገት ነው ብላችሁ ከመንገድ ዳር ሆናችሁ በግምት አትመዝግቡ፤ ማሳው መካከል ድረስ ግቡ፤ አዲስ የተመነጠረ ደን ካያችሁም እንዳያችሁት ጻፉ። ስትጨርሱ የጻፋችሁትን በአፋን ኦሮሞ ይሁን በአማርኛ፣ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ አንብቡለት፤ ቅጂውንም በእጁ ስጡት።