«ዳላስ ግብር የለም» ይለኛል ልጄ

ጥያቄ፦ ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። እሱ ትራክ ይነዳል፣ እሷ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሁለቱ ተደምረው በዓመት 90 ሺህ ዶላር ያህል ያገኛሉ። አሁን «ዳላስ ግብር የለም፤ እዚያ ከገባን በዓመት 5 ሺህ ዶላር ይተርፈናል፤ የአዘዞውን ቤት ጣሪያ በሱ እጨርሳለሁ» ይለኛል። እናቱ ደግሞ እንቅልፍ አጥታለች። ልጆቹን የምትይዝለት የሷ እህት ናት፤ «እሷን ትቶ የት ይሄዳል?» ትላለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ግብር የሌለበት አገር ሰምቼ አላውቅም። እውነት ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የልጅዎ ቁጥር ትክክል ነው። ደብዳቤዎን ይዤ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ በናፕኪን ላይ አሰላሁት። 5 ሺህ 500 ዶላር ገደማ ወጣልኝ። አሜሪካ ሳለሁ 11 ዓመት የሀበሻ ታክስ ስሠራ ነው የኖርኩት። ሁዳዴ ሲገባ ጀምሮ ታክስ ማስገቢያው እስከሚዘጋበት ሚያዝያ 7 ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ እጄ ገና አልረሳውም።

በእኛ አገር ደሞዝተኛ ጎንደር ሠራ ሐዋሳ ተቀናሹ ያው ነው። ከ2 ሺህ ብር በታች ያለው ነፃ፣ ከ14 ሺህ በላይ ያለው 35 በመቶ። አሜሪካ ግን ገቢውን ሁለት መንግሥት ይካፈለዋል። የፌደራሉ የትም ቢሄዱ ይከተላል። ለጡረታና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) ከመቶው 7 ዶላር ከ65 ሳንቲም የሚቆረጠውም እንዲሁ። ሌላው የስቴቱ፣ በእኛ የክልሉ እንደማለት ነው። ሜሪላንድ የራሷን ትወስዳለች። ልጅዎ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በላዩ 3.2 በመቶ ይጨምራል። ዳላስ ያለችበት ቴክሳስ ሁለቱም የሉም። እንዲያውም በ2019 የገቢ ግብር እንዳይጣል ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገብተውታል። ፍሎሪዳ፣ ላስ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳ፣ ቴነሲ፣ ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተንም (ዲሲ አይደለችም) ከደሞዝ አይቆርጡም። የኛ ሰው ላስ ቬጋስና ሲያትል የበዛው ለዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ወሬው እዚያ ድረስ ይነዳል።

ታዲያ ቴክሳስ በምን ይተዳደራል? በጣሪያና ግድግዳ ነዋ! እርስዎ የሚያውቁት ዓይነት አይደለም። ልጅዎ እዚያ 350 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት ቢገዛ ለከተማው፣ ለካውንቲው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለሆስፒታሉ ሳይቀር ይከፍላል። የሚኖርበት ቤት ከሆነና ካመለከተ፣ ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ላይ 140 ሺህ ዶላር የሚያህል ዋጋ ይነሳለታል። ያም ተነስቶ በዓመት 5፣ 6 ሺህ ዶላር መክፈል የተለመደ ነው። በናፕኪኔ ላይ የወጣውን ቁጥር ያስታውሱ። እከራያለሁ ቢል ደግሞ አከራዩ ከኪሱ አይከፍልለትም። ሱቅ ሲገባም ሜሪላንድ በመቶ 6 የነበረው ዳላስ 8.25 ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር፣ ዳላስ የሚያዋጣው በግብሩ ሳይሆን በቤቱ ዋጋ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በ350 ሺህ ዶላር ግቢ ያለው ቤት አያገኝም። ቤት መግዛት ካሰበ በዚህ በኩል ያስላው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የባለቤትዎ እንቅልፍ ማጣት ነው። እሳቸው ሳያውቁት ሒሳቡን ጨርሰውታል። ሁለት ልጅ ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ማስገባት በወር ከሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። አክስትየዋ አሁን ምን ይከፈላታል? ልጅዎን ይጠይቁት። «ምንም» ካለ፣ ወይም በዓመት በዓል ነጠላ ከገዛላት፣ ያ 5 ሺህ ዶላር አምስት ወር አይደርስም። አብራው የምትሄድ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በአገሮች፣ ማለቴ በስቴቶች መካከል የሚነዳ የትራክ ሾፌር የትም ይንዳ የት የሚገብረው ለሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው። የፌደራል ሕግ ነው። ይህንን የሰማ ሁሉ ዳላስ ያለ ጓደኛውን አድራሻ ይለምናል። ሚስት፣ ልጆች፣ አልጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ፖስታ ብቻ ዳላስ ቢገባ ሜሪላንድ አትለቀውም። ዋና ቤትህ የት ነው ብላ ነው የምትጠይቀው። ሌላ ቦታ ነኝ ያለ ሰው እንኳ ሜሪላንድ ውስጥ መኖሪያ ይዞ ከግማሽ ዓመት በላይ ከቆየ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ከሄደ ተጠቃልሎ ይሂድ። መንጃ ፈቃዱን፣ የመራጭነት ምዝገባውን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ይቀይር። በሄደበት ዓመት ደግሞ እስከሄደበት ቀን ለሠራው ሜሪላንድ ፋይል ማድረግ አለበት።

አሠሪውንም በጽሑፍ ያስታውቅ። እኔ የታክስ ሥራ ሳልጀምር አንዴ ስቴት ቀይሬ ነበር። ለአሠሪዬ በቃል ነገርኩ፣ «እሺ» አሉኝ። የደሞዝ ወረቀቴን የታችኛዋን መስመር ብቻ ነበር የማየው፣ የተጣራችዋን። ሰባት ወር ሙሉ ለድሮው ስቴት ሲቆረጥብኝ አላየሁም። ገንዘቡን ለማስመለስ ያወጣሁት የስልክና የፖስታ ጣጣ ነው በኋላ ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ።

ቆርቆሮውን ግን ጋሼ፣ በዚህ ብር ተማምነው በዱቤ እንዳያነሱ። መጀመሪያ ዓመቱ ላይ የዕቃ ማጓጓዣ አለ፣ የቤት መያዣ አለ፣ ሚስትየዋም አዲስ ሥራ እስክታገኝ ወር ሁለት ወር ትቀመጣለች። ለዘንድሮ ክረምት ሸራ ይበቃዋል።