ቁጥሩን የሚሰጣችሁ አለ፤ መጀመሪያ ግን በርሜሉን ቁጠሩ

ሰላም ለግሩፑ ሰዎች። ትናንት አንዲት እህታችን የጠየቀችውን በሁለት መስመር ልመልስ ጀምሬ ረዘመብኝ፤ ታገሡኝ።

ጥያቄዋ ባጭሩ ይህ ነው። የእድራቸው ጸሐፊ ናት፤ ሰፈራቸው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ትኩሳትና ወባ በዝቶባቸዋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ጤና ጣቢያውም፣ ቀበሌውም፣ ውሃ መሥሪያ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም የየራሳቸው መረጃ አላቸው። «ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርገን ሰፈራችን እንደተጎዳ ማሳየት እንችላለን? ማን ይሰጠናል? ከየት እንጀምር?» ነው ያለችው።

ይቻላል። እኔ ጤና ጣቢያ የመረጃ ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ቦታ ነኝ። «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፣ አትቀየሚኝ። ድሬ ላይ «እርስዎ» የምንባባለው ስንኳረፍ ነው።

መጀመሪያ ስለ መዝገቡ ልንገርሽ። 2014 ዓ.ም፣ ሚያዝያ አካባቢ፣ ዝናብ በሌለበት ወባ ድሬን ያጥለቀለቃት ጊዜ ትዝ ይልሻል? ያኔ መዝገቡን በሰፈር በሰፈር ከፋፍዬ ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንዱ ሰፈር ከሁሉም ያነሰ ቁጥር ወጣለት። እኔም ደስ ብሎኝ «እዚህ ጥሩ ነው» ብዬ በአረንጓዴ ቀለም አሰማመርኩት። አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወረቀቱን አየችና ሳቀችብኝ። «አቦ አንተ ደግሞ! እነሱ እኮ እዚህ አይመጡም። ባጃጅ ደርሶ መልስ ከፍለው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ የቀን ሥራቸውን አስቀርተው? ከፋርማሲ ኪኒን ገዝተው ነው የሚተኙት» አለችኝ።

አረንጓዴውን አጠፋሁት። የጤና ጣቢያ መዝገብ የሚቆጥረው የመጣውን ሰው ነው። ያልመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ አቅም ያጣው ነው። ስለዚህ እናንተ ቁጥሩን ስታገኙ ሰፈራችሁ ከሌላው አንሶ ቢታይ አትደንግጡ፤ ጥያቄው «ስንት ሰው ታመመ» ሳይሆን «ስንት ሰው ተመረመረ» ላይ ነው። ሁለቱንም ጠይቁ። የተመረመረውም፣ የተገኘበትም። ከመቶ ሰው ሃምሳ የተገኘበት ሰፈርና ከሺህ ሰው ሃምሳ የተገኘበት ሰፈር በሪፖርት ላይ እኩል «ሃምሳ» ነው የሚባሉት።

ሌላው ጣጣ አድራሻ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሰው ተሰልፎባት «ቀበሌ ስንት?» ብላ ትጽፋለች፤ ሰፈር የሚለው ባዶ ይቀራል። ድሬ ከተማው ውስጥ ያሉት ቀበሌዎች ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ ቀበሌ ውስጥ ግንብ ቤትም የጭቃ ቤትም አለ። በዚያ ላይ በሐምሌ 1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ተፈናቅሎ ሌላ ቦታ የሰፈረ ሰው ለብዙ ጊዜ የድሮ ቀበሌውን ነበር የሚናገረው። ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልል ለሕክምና የሚመጣው ደግሞ እዚህ ያረፈበትን የዘመድ ቤት አድራሻ ይሰጣል። ይህንን ሁሉ ኮምፒዩተሩ አያውቅም። ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ የሚባለው የሪፖርት ሲስተም ውስጥ የሚገባው የጤና ጣቢያው ድምር ነው። ሰፈር ያለው ወረቀቱ መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከተጻፈ። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ እያየ በጭረት መቁጠር አለበት። እኔ የአሥር ወሩን ለመጨረስ አራት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

አካፋዩስ፣ ማለትም የታማሚውን ቁጥር የምናካፍልበት የሕዝብ ብዛት? በሰፈሩ ስንት ሰው አለ ብለሽ ስትጠይቂ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ 1999 ዓ.ም ነው ይሉሻል። ያኔ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ ግምቱ ደግሞ ሰፈር ድረስ አይወርድም። በየጊዜው የሚወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ድሬን ራሷን ችላ ያሳያታል፣ ግን ከመሃል ከተማው ከከዚራ እስከ ገጠር ቀበሌ ሁሉንም በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ነው። ከሐረሪ ወይም ከአዲስ አበባ ጋር ለማወዳደር ጥሩ ነው፤ ለእናንተ ሰፈር ግን አይሆንም። ለሰፈር የሚሆነው የጤና ኤክስቴንሽኖቹ የቤተሰብ ማህደር ነው። ቤት ቤቱን፣ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ መጸዳጃ እንዳለው እንደሌለው የያዘው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማያስታውሰውን ልንገርሽ፤ ራስሽ እጅ ላይ ያለውን። የእድሩ መዝገብ! ማን ሞተ፣ መቼ፣ በስንት ዓመቱ። አፎቻዎቹም ጋ አለ፤ አፎቻ እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የቀብር ቦታ መዝገብን ተጠቅመው ኤድስ የስንቱን ሕይወት እንደሚቀጥፍ ተከታትለዋል፤ በሆስፒታል ያልሞተውን ሰው ሌላ የመዘገበው ስላልነበረ ነው። እኛ የአንድ እድርና የአንድ አፎቻ ደብተር ገልጠን ስናይ የጨቅላ ሕፃናት ሞት የለበትም። እድር ለሕፃን ድንኳን ስለማይጥል አይጻፍም። እሱን እናቶችን ጠይቀን ነው የሞላነው። ከባድ ሥራ ነው፤ ወንድ ጠያቂ አትላኩ።

ወደ ውሃው ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

በዚያ በበጋው ወባ ጊዜ ሁላችንም ግራ ገብቶን ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ትንኟን ሲይዟት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ሆና ተገኘች። ከእስያ የመጣች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ታይታለች። እንደ ድሮዋ የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል ይበቃታል። ክዳን የሌለው ሮቶ ይበቃታል። ግንባታ ቦታ ላይ ያለ የውሃ ገንዳ ይበቃታል። 2011 ዓ.ም ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስተኛው ቺኩንጉንያ የሚባለው የትኩሳት በሽታም ትንኟ ሌላ ትሁን እንጂ ቤቷ ያው በርሜሉ ነው።

እና በርሜል የሚያስቀምጠው ማን ነው? ውሃ በየቀኑ የሚመጣለት ሰው በርሜል ምን ያደርግለታል? የወባው መዝገብ ጤና ጣቢያ ነበር፤ የፈረቃው ሠንጠረዥ ውሃ መሥሪያ ቤት ነበር። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ አልነበረም። ስናስቀምጣቸው ለማንም ማስረዳት አላስፈለገንም። ውሃው በሳምንት አንዴ የሚመጣባቸው ሰፈሮችና ከተመረመረው ብዙ የተገኘባቸው ሰፈሮች፣ ከሁለት ሰፈር በቀር፣ አንድ ነበሩ።

ፈረቃው በወረቀት አንድ፣ በቧንቧው ሌላ ስለሆነ ግን ወጥተን በርሜሉን ቆጠርን። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከእድሩና ከአፎቻው ወጣቶች ጋር ስልሳ ምናምን ቤት። የያዝነው የስልክ መብራት፣ ደብተርና ጭልፋ ነው። በርሜሉ ላይ በርቶ ሲታይ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ጥላሽ ሲያርፍባቸው ግን ይወራጫሉ። ቀድተሽ በጭልፋው እያቸው። የወባዋ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር እኩል ጋደም ትላለች። የቺኩንጉንያዋ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከእኔ በልጦ ይለይ ነበር።

አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት በርሜል አገኘን። ባለቤቷን «ውሃ በየሳምንቱ ድፊና በርሜሉን እጠቢ» አልኳት፤ ከፖስተሩ ላይ የተማርኩትን። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። «ውሃው የሚመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከተኛሁ አለፈኝ። ለዘጠኝ ቀን የቀዳሁትን ድፊ ትለኛለህ? አንተ ትቀዳልኛለህ?»

ምን ልበላት? ከዚያ በኋላ ደብተራችን ላይ ዓምዶቹን ቀየርን። «ውሃ ታጠራቅማለች ወይ» የሚለውን ሰርዘን «ውሃ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው»፣ «ክዳን አለው ወይ»፣ «ማን ነው ሌሊት የሚቀዳው» አልን። ያለፈው መጠይቅ ሴትየዋን ጥፋተኛ ያደርጋት ነበር፤ አዲሱ ፈረቃውን ያሳያል። በነገራችን ላይ በርሜሉ ባዶ ሲሆን ውስጡን በደንብ ፈትጉት፤ የቺኩንጉንያዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ በደረቅ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይነሣል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። «ወባ አሞሽ ያውቃል?» ስንል «የለም» ያሉን እናቶች ነበሩ። አንዷ ልጃችን በሶማሊኛ «ዱሞ»፣ በኦሮምኛ «ቡሳ» ብላ ስትጠይቅ ግማሾቹ «እንዴ፣ ባለፈው ወር እንኳ!» አሉ። መጠይቁን በአማርኛ ብቻ ብንጨርሰው ኖሮ ሰፈሩ ጤነኛ ይሆን ነበር። ከሰዓት በኋላም አትሂዱ። ሙቀቱ አለ፣ በርጫው (የጫት ሰዓቱ) አለ፤ በር የሚከፍትላችሁ ልጅ ብቻ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ እንዳትደግሙት። ካርታ መሥራት ያምራል። እኔም ሠራሁ፤ ወባውን ከጨረስኩ በኋላ ቲቢውንም ጨመርኩበት። ቤት ቤቱን ቀይ ነጥብ። ስም አልጻፍኩም፣ ምስጢር የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ስብሰባ ላይ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አንዱ ጠባብ ሰፈር ላይ ሦስት ነጥብ ነበር፤ ሦስት ነጥብ ደግሞ ለሰፈሩ ሰው ሦስት ስም ነው። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሁለት ልጆች ያሏት ተከራይ ቤት ልቀቂ ተባለች። ሽማግሌ ልከን አከራዩን ለመንነው፤ ቆየች፣ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ ሰላም አትለኝም። ልክ ናት።

ከዚያ ወዲህ ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር አላሳይም። ሁለት ሰፈር እቀላቅላለሁ ወይም የሦስት ወሩን እደምራለሁ። ነጥብ ያለበት ካርታ የለም። ቴሌግራም ላይ የመዝገብ ፎቶ የሚልክ ሰው ካያችሁ ወዲያው አስጠፉት፤ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ የጤና ሁኔታ ደግሞ ከሁሉም ጠንከር ብሎ የሚጠበቀው ውስጥ ነው።

«ማን ይሰጠናል?» ላልሽው፦ «መረጃ ስጡን» ብላችሁ ከሄዳችሁ ማንም። በእድሩ ማኅተም የትብብር ደብዳቤ ጻፉና ለጤና ቢሮ አስገቡ፤ ግልባጭ ለጤና ጣቢያው። የምትፈልጉትን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አስምራችሁ ባዶውን አያይዙ፤ ወር በወር፣ ቀበሌና ሰፈር፣ ከ5 ዓመት በታችና በላይ፣ የተመረመረ፣ የተገኘበት። ስም እንደማትፈልጉ መጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን። ባዶ ሠንጠረዥ ያየ ሠራተኛ ይሞላል፤ «ስለ ወባ ያላችሁን ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ያየ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ይህን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ስላየሁት ነው። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደግሞ የሰፈራችሁን ወባ ለመመረቂያ የሠራ ተማሪ ካለ ጠይቁ፤ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ነው የሚገኘው።

ኤክስቴንሽኖቹን ደግሞ አደራ። ሁሉም ከእነሱ ይወስዳል፣ ማንም አይመልስላቸውም። እኛ የመጀመሪያውን ንጹሕ ሠንጠረዥ ለእነሱ ነበር የሰጠነው፣ በፈጢራና በሻይ። የሚቀጥለውን ወር መረጃ ሳንጠይቅ ራሳቸው አመጡልን።

ምን አገኛችሁ ብትይኝ፣ ብዙ አይደለም። ውሃ መሥሪያ ቤቱ ፈረቃውን መቀየር አልችልም አለ፤ ከስምንት ወር በኋላ ግን ተሰብሮ የቆመው ቦኖ ተጠገነ። እድሩና አፎቻው አዋጥተው ክዳን ለሌላቸው በርሜሎች ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ጋ ክዳን አሠሩ። በዚያ ምክንያት ወባው ቀነሰ ብዬ አልምልም፤ በዚያው ሰሞን ርጭትም ነበር። እጭ የተገኘበት በርሜል ግን በሁለተኛው ቆጠራ ከግማሽ በታች ወርዶ አይቻለሁ።

ስለዚህ ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ አትቀመጡ። በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ውጡና ቁጠሩ። የዓምዶቹን ፎቶ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ጭልፋው ነጭ ይሁን፤ እኛ መጀመሪያ ቀን የወጥ ቤቱን ጥቁር ጭልፋ ይዘን ወጥተን እጯ አልታይ ብላን አሥር ቤት ደግመን ነው የዞርነው።