«ምን አጥቶ ነው ሱቅ የሚቆመው?»

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ክረምቱን ቤት ተቀምጧል። በሰፈራችን ስቴሽነሪና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው እስከ መስከረም ድረስ እየተከፈለው እንዲሠራለት ጠይቆታል፤ ልጁም ጓጉቷል። ባለቤቴ ግን «ምን አጥቶ ነው የሰው ሱቅ የሚቆመው? ይልቅ የማጠናከሪያ ትምህርት ይማር» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
(እናት፣ ከጉለሌ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅዎ ይሥራ እንላለን፤ የምንለውም ለገንዘቡ ብለን አይደለም።

ነሐሴና ጳጉሜን ለስቴሽነሪ የዓመቱ ዋና የሥራ ወቅት ነው። ለሦስት ልጆች ደብተር ልትገዛ የመጣች እናት ዋጋው ከአምናው ለምን እንደጨመረ በቁጣ ስትጠይቅ፣ ከኋላዋ ደግሞ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ለማስደረግ የቸኮለ ሥራ ፈላጊ ሲያጉረመርም፣ ልጅዎ ድምፁን ሳያነሣ ሁለቱንም በየተራቸው ማስተናገድ ይኖርበታል። ወረቀቱን አጣሞ ኮፒ ካደረገ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ይሠራል፤ የባከነው ወረቀት ግን የባለሱቁ ወጪ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በእጅ ያለው ጥሬ ብርና በቴሌብር የገባው ተደምሮ ከዕለቱ ሽያጭ ጋር ካልተገናኘ፣ ጉድለቱ መልስ ሲሰጥ የተፈጠረ ይሁን ሳይመዘገብ የወጣ ዕቃ፣ ተቀምጦ መፈለግ አለበት። ቤት ውስጥ ቢያጠፋ እናቱ ነዎትና ያልፉለታል፤ በዝምድና የማይራራለትና በሰዓቱ መምጣቱን ተማምኖ ሱቁን የሚከፍት ሰው ፊት ኃላፊነት መውሰድን ግን እርስዎም ሆኑ አስጠኚው ልታስተምሩት አትችሉም። ነገ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ በየማስታወቂያው የሚጠየቀው «የሥራ ልምድ» መነሻውም ይኸው ነው።

ባለቤትዎ የሰውን አፍ መፍራታቸው ይገባናል፤ ሥራን ከማጣት ጋር ብቻ ማያያዝ በአገራችን ሥር የሰደደ ነውና። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውንና ሸማኔውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ይህ ንቀት አገርን እንደሚጎዳ ስላዩ ነበር። ሳይቸግረው የሠራ ልጅ ተቸግሮ የሚሠራውን እኩያውን ዝቅ አድርጎ አያይም፤ ይህን ለባለቤትዎ ቢያነሡላቸው መልካም ነው።

የትምህርቱ ስጋት ግን ተገቢ ነው። 11ኛ ክፍል ይጠብቀዋልና ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት ቢያጠና ሁለቱም ይሄዳሉ። በሕጉም ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እንዳይሠራ ይደነግጋል። ስለዚህ ገበያው የቱንም ያህል ቢደራ ልጅዎ የእንቁጣጣሽ ዕለት ቤቱ መዋል አለበት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ሄዳችሁ ባለሱቁን አነጋግሩ። የመግቢያና የመውጫው ሰዓት፣ የክፍያው መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ እንዲሁም ሒሳብ ቢጎድል ከደመወዙ ይቆረጥ እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ፤ በሰፈር ሰዎች መካከል ቅሬታ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ስምምነቱን ልጁ ራሱ ባለበት አድርጉት፤ የተስማማችሁበትንም በአንድ ወረቀት አስፍሩት። ደመወዙን ደግሞ ለእሱ ተዉለት። የራሱን ደብተር ይግዛበት ቢሉት ነውር የለውም፤ የቀረውን ግን ለምን እንዳዋለው ይጠይቁት እንጂ አይውሰዱበት።