ልጆች ተሰብስበው ሲያድሩ ምን ያጫውቷቸው?

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው። አምስት ጓደኞቿ ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት እንዲያድሩ ለምናኝ እሺ ብያለሁ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ሐምሌ ስለሆነ ግቢው ጭቃ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ እንዳያፈጡ ምን ላዘጋጅላቸው?
እናት፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ስድስት ልጅ ለሁለት ክፍል አይበዛም። ዋናው የጨዋታው ቅደም ተከተል ነው። የሚያሯሩጠውና የሚያስጮኸው መጨረሻ ላይ ከመጣ እስከ እኩለ ሌሊት አይተኙም፤ እንቅልፍ ሲጫናቸው ደግሞ ይጣላሉ። ስለዚህ ድብብቆሹ ከእራት በፊት ይለቅ። ኩሽናና ቁም ሣጥን ውስጥ መደበቅ ክልክል መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ከእራት በኋላ የጥላ ቲያትር ያሠሯቸው፤ መብራት ከጠፋ እንዲያውም የተሻለ ነው። የተተኮሰ ነጠላ በገመድ ላይ ወጥረው ይስቀሉ፤ ከተጨማደደ ጥላው ይሰበራል። ከነጠላው ጀርባ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ወንበር ላይ የስልክ መብራት ይቀመጥ። ተጫዋቾቹ በመሐል፣ ተመልካቾቹ ከፊት ይሆናሉ። እጅ ወደ ነጠላው ሲጠጋ ጥላው ትንሽና ጥርት ያለ፣ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ትልቅና ብዥ ያለ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት ነው ደስታው። ሁለት ስልክ ከበራ እያንዳንዱ ጥላ መንታ ስለሚሆን አንዱ ይጥፋ። ሻማ ግን በፍጹም፤ ነጠላ ቶሎ ይቀጣጠላል።

ለመድረኩ የፋሲልን ግንብ ከካርቶን ይቁረጡ። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይበቃል። በየማዕዘኑ ያሉት ክብ ማማዎች እንቁላል የሚመስል ጉልላት አላቸው፤ የግድግዳው አናት ደግሞ እንደ ጥርስ የተከፋፈለ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከወጡ የጎንደር ልጅ ወዲያው ያውቀዋል። መስኮቶቹን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያላነሱ ያድርጓቸው፤ ከዚያ ካነሱ ጥላው ላይ በደንብ አይለዩም። ከጀርባው እንጨት በፕላስተር ይለጥፉበት። ታሪኩን ለልጆቹ ይተዉላቸው።

ፈንዲሻውን እርስዎ ያፈንዱ። አራት ሊትር በሚይዝ ድስት 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሦስት ፍሬ ብቻ ይጨምሩ፤ ሦስቱም ሲፈነዱ ቀሪውን 100 ግራም ይጨምሩና ክዳኑን ትንሽ ገርበብ ያድርጉ። ጥርቅም ተደርጎ ከተከደነ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። በፍንዳታዎቹ መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲያልፍ ያውጡ። አብዛኛው ሳይፈነዳ ከቀረ በቆሎው ደርቋል ማለት ነው፤ የሚያፈነዳው በውስጡ ያለው እርጥበት ነውና። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ነስንሰው፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ሁለት ሦስት ቀን እየነቀነቁ ያቆዩት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ይጋደሙና እንቆቅልሽ ይጀመር። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» መልሱ ውሃ ነው። ያልመለሰችው አገር ትሰጣለች፤ እዚህ ላይ አንድ ሕግ ይጨምሩ፦ ጎንደር ከተማን መስጠት አይቻልም፣ የተሰጠ አገርም አይደገምም። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጎርጎራ፣ መተማ እያሉ ሲያልቅባቸው ማሰብ ይጀምራሉ፤ በዚያው ድምፃቸው ይቀንሳል።

ፍራሾቹን አጋጥመው ልጆቹን በአግድም ያስተኟቸው፤ ሁለት ፍራሽ ስድስቱንም ይይዛል። የጎንደር ሌሊት በክረምት ስለሚበርድ ለእያንዳንዷ የራሷ ጋቢ ይኑራት፤ በጋራ ብርድ ልብስ መጓተት አይቀርም። ብርዱን ብለው የከሰል ምድጃ ወደ መኝታው እንዳያስገቡ አደራ እንላለን። ጭሱ ካለቀለት ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ከሚመጡት ልጆች ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። እራት ምን ላቅርብ?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ሥጋውን ይተዉት። ሽሮ ወይም ምስር ወጥ በዘይት ለሁሉም ይሆናል። አዋዜና ሚጥሚጣውን ለየብቻ ያቅርቡ፤ የማይስማማው ምግብ እንዳለ የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ አልፎ አልፎ ሌሊት ይሸናል። ጓደኛው ቤት ካላደርኩ ብሎ እያለቀሰ ነው። ልከልክለው?
አባት፣ ከጎንደር

መልስ፦ አይከልክሉት። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ለጓደኛው እናት ብቻ፣ ልጆች በማይሰሙበት ይንገሯት፤ ሌላ ሰው ማወቅ የለበትም። ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ ሻይና ለስላሳ ይቅርበት፤ ሊተኛ ሲል ሽንት ቤት ይሂድ። በር አጠገብ፣ ዳር ላይ ይተኛ፤ ሽንት ቤት የሚያደርስ ባትሪም አጠገቡ ይቀመጥለት። ቦርሳው ውስጥ ቅያሪ ሱሪ፣ አንሶላና ፌስታል ያስገቡለት፤ ቢሸና እርጥቡን ፌስታሉ ውስጥ አድርጎ ቦርሳውን እንዲዘጋ ቤት ውስጥ አስቀድመው ያለማምዱት።